ዘይቱ መንገድ ላይ ነው

ክቡር አቶ አየነው፣ የእጅ ሥራ ቤታችን ኃላፊ፤ እትዬ እታለማሁ፣ የአያ አድማሴ ባለቤት፤ የዳንግላ ሰፊዎችና ጠጋኞች ጓደኞቼ፤ ከዘንገናና ከቆሰበር በጭቃ የመጣችሁ ዘመዶቻቸው፤ እንኳን በደኅና ገባችሁ።

ወረቀት ይዤ ስቆም ያጉረመረማችሁ አላችሁ። «ገልብጦ ይዞት እንዳይሆን እዩለት» ያለችውን ካሳነሽንም ሰምቻታለሁ። እቴ ካሳነሽ፣ አልገለበጥሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ የማታ ትምህርት ቤት የተመላለስሁት እንዲህ ላለው ቀን ነው። ሦስት ገጽ ነው። የጻፍሁት እኔ፣ የማነበው እኔ፤ ስሕተት ከተገኘበት ብቻ መምህሬን ጠይቁ።

ከእኔ ቀጥሎ አቶ አየነው ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸውን የአያ አድማሴን የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ያነባሉ። በዚያ ወረቀት ላይ አንድ የማልወደው መስመር አለ። መስመሩ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከመነበቡ በፊት እኔ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ስጨርስ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ስለዚህ ብርሌዎቹን ለጊዜው አስቀምጡልኝ። እንጀምር፤ ከበሩ።

አያ አድማሴ እዚህ ቤት የመጡት በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ነው። በር ላይ የተቀበላቸው ሰው ማን ነው? እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እኔ ስማቸው ዘበኛ ነበርሁ። ዘበኛ ስላችሁ እንደ ዛሬዎቹ አይምሰላችሁ! በእኔ ጊዜ ጅብ እንኳ በዚህ በር የሚያልፈው አስፈቅዶ ነው።

አንድ ቀጭን ሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘንገና በእግራቸው ገስግሰው መጡ። በብብታቸው አንድ እቅፍ የአውራ ዶሮ ላባ፣ አንድ ጭብጥ ሰንደዶ፣ አንድ የወይራ ቁራጭ፣ በሌላው እጃቸው ደግሞ አፉ እንደ ሳቢሳ መንቁር የረዘመ ቆርቆሮ። ያን ጊዜ «አንተ» ብያቸዋለሁ፤ ዛሬ በሕዝብ ፊት ይቅር ይበሉኝ።

«ቁም! ወዴት ነው?»

«ወደ ሥራዬ።»

«የምን ሥራ?»

«የስፌት መኪና ሐኪም ነኝ።»

«ላባውስ?»

«መድኃኒት ማጠጫ።»

«እንጨቱስ?»

«ሕመም መስሚያ።»

በቃ! ጠንቋይ ነው አልሁ። ላባ የያዘ ሰው ወደ መንግሥት ቤት አይገባም ብዬ እስከ እኩለ ቀን በር ላይ አቆየኋቸው። አልተቆጡም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚጮኸውን በሬን ያዳምጣሉ። ኋላ ብድግ ብለው አንዲት ላባ ከቆርቆሮው ዘይት ነከር አደረጉና የበሩን ማጠፊያ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት። ጭጭ!

ያን ጊዜ ነው የጮኽሁ። «በሬን ምን አደረግህብኝ? ሌባ ሲመጣ ማን ሊነግረኝ ነው?»

«ጆሮህ ይነግርሃል» አሉ፤ «ካልተኛህ።»

የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጩኸቴን ሰምቶ ባይወጣ ኖሮ ይህ ቤት ከሁሉ የበለጠ ጠጋኙን በዘበኛው ጀግንነት ባጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት። አያ አድማሴን ስታውቋቸው ምንድን ነው የምታውቁት? እኔ ልንገራችሁ። ጠዋት ገብተው መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» የሚሉት ሰዎቹን አይደለም፤ መኪኖቹን ነው። አሥራ ሁለቱንም መኪኖች በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ያልፋሉ፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባሩን እንደሚዳሰስ። እኛ እናስነጥሳለን፣ እናነክሳለን፣ እንታመማለን፤ ዞር ብለው አያዩንም። አምስት ቁጥር መኪና «ሲጥ» ካለች ግን ምሳቸውን ጥለው ይነሣሉ። ሲናደዱ ደግሞ መኪናዋን በአውንጊ ነው የሚመክሯት። ምን እንደሚሏት ካሳነሽ አገውኛ ታውቃለችና ጠይቋት። እኔ ጠይቄያት «ለአንተ የሚገባህን ነው ለመኪናዋ የሚነግሯት» ብላኛለች።

ጋቢያቸውንም ታውቁታላችሁ። ትከሻው ላይ ያለው የዘይት ጠብታ ተያይዞ የአገው ምድርን ካርታ ሠርቷል። ዳንግላ እዚህ፣ ቆሰበር እዚህ፣ ቻግኒ ወደ ጀርባ። እትዬ እታለማሁ ስንት ጊዜ አጥበውት ይሆን? ቻግኒ ግን ንቅንቅ አላለችም።

እትዬ እታለማሁ፣ ይሳቁ፤ እርስዎንም አልተውም። የአገሩን መኪና ሁሉ ዝም ያሰኙት ሰውዬ የራሳቸው የቤት በር ግን እስከ ገበያ ድረስ ይሰማል! አንድ ቀን «አያ፣ ይህ በር ምነው?» ብላቸው፣ «ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው፤ ደግሞም አይፎክርም» አሉኝ።

ምስጋናቸውስ? እንደ ዘይታቸው ነው፤ በጠብታ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ «ሸጋ ነው» ያሉኝ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ቀኑን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ለእኔ ይሁን ለመኪናዋ እስካሁን አላረጋገጥሁም፤ እኔ ግን ለእኔ ብዬ ወስጄዋለሁ።

ወይዘሮ ማናለብሽም እዚህ አሉ፤ የዛሬው ጠጅ የእጃቸው ነው። የግራሞፎኑን ነገር እንዳላወራ ጠጅ ጨምረው ልከዋል። ጠጁን ተቀብያለሁ፤ ወሬውንም አወራለሁ። ያ ግራሞፎን ዘፈኑን ትቶ እንደ ፍየል ማላዘን ጀመረና አመጡት። አያ አድማሴ ከፈቱት። ውስጡ ቅቤ! ለዚያውም የተነጠረ፣ ኮረሪማው ሁሉ ያለበት። ጉንዳን መንደር መሥርቶበታል።

«ምነው ወይዘሮ ማናለብሽ?» አሉ።

«ደርቆ መስሎኝ እኮ ነው! ራሴ ሲደርቅ ቅቤ አይደል የምቀባ?»

«ራስዎ አይዞርም» አሏቸው። «የሚዞር ነገር ቅቤ አይወድም።»

ያን ዕለት ነው እኛን ሁሉ ሰብስበው ያስተማሩን። «አያችሁ» አሉ፤ «ይህ ዘንግ የሚዞረው በዚህች የነሐስ ቀለበት ውስጥ ነው። ኩሽኔታ ትባላለች። ኳስ የላትም፣ ምንም የላትም። በዘንጉና በእሷ መካከል ያለው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ዘይት ብቻ ነው። ያ ካለ ዘንጉ ብረት አይነካም፤ ዘይት ላይ ተንሳፎ ይኖራል። ያ ከሌለ እርስ በርስ ይበላላሉ። አንድ ጠብታ ይበቃታል። ሁለተኛው ጠብታ ለአቧራ ነው።» ቀጥሎ ያሉትን ግን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። «ከላይ የሚታየውን ሁሉም ሰው ያጠጣዋል። መኪና የሚሞተው በማይታየው ቦታ ነው።»

ሰባት ቁጥር መኪናን ታስታውሳላችሁ? የካሳነሽን። ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ሊያሳምራት ብሎ ጥቁር ቀለም ቀብቶ የዘይት ቀዳዳዋን ደፍኖታል። ካሳነሽ መርገጫውን ስትረግጥ ድንጋይ የምትገፋ ነበር የምትመስለው። አራት ወንዶች፣ አራት ካቻቢቴ ይዘን ከበብናት። አንዱ «ትፈታ»፣ አንዱ «ትጣል»፤ እኔ ደግሞ መዶሻ አምጥቼ ነበር፤ እውነቱን ልናገር እንጂ።

አያ አድማሴ ወይራቸውን መኪናዋ ላይ አቁመው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ዝም በሉ» አሉ። ዝም አልን። «ካሳነሽ፣ ቀስ አድርገሽ ርገጪ።» ረገጠች። ወይራውን አንድ ጣት ወደዚያ፣ ግማሽ ጣት ወደዚህ። «እዚህ ጋ ተጠምታለች» አሉ። በመርፌ ቀለሙን ቢጭሩት ቀዳዳው ብቅ! ግን ኩሽኔታዋ ያለችው በክንዷ ውስጥ፣ ከጥምዝምዙ ወዲያ ነው። እጅ አይደርስ፣ ላባ አይደርስ፤ ሰንደዶ ቢሰዱ ተሰበረ። ከእትዬ እታለማሁ እንዝርት የመጣ የጥጥ ፈትል ከኪሳቸው አወጡ። በቀጭን ሽቦ እየመሩ ጥምዝምዙን አሻግረው ጫፉን ኩሽኔታዋ ላይ አሳረፉት። ሌላውን ጫፍ ዘይት በጠጣ የሱፍ ቁራጭ ጠቅልለው ከላይ ሸጎጡት። ከዚያስ? ሄደው ቁጭ አሉ!

«አያ፣ ምን እንጠብቃለን?» አልሁ።

«ዘይቱን።»

«ጨመሩት እኮ!»

«ጨመርሁት። አልደረሰም ገና። ዘይቱ መንገድ ላይ ነው።»

«ታዲያ አናፋጥነውም?»

«ስማቸው፣ ከቆሰበር በእግሩ የተነሣ እንግዳ አንተ እዚህ ስለ ጮኽህ ቶሎ ይደርሳል?»

ቁጭ አልን። አንድ ንፍሮ ተበልቶ የሚያልቅበት ጊዜ ያህል። ከዚያ ካሳነሽን ጠርተው «መዘውሩን በአንድ ጣትሽ» አሏት። በአንድ ጣቷ! ዞረች! ካሳነሽ እልል ስትል እኔ መዶሻዬን ከኋላዬ ደበቅሁ። ያ ፈትል ዛሬም እዚያው ውስጥ አለ። ሱፉን በየወሩ አንድ ጠብታ ማጠጣት ነው፤ የቀረውን መንገድ ራሱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃን። አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ፣ ዘበኝነቴን እንደያዝሁ፣ አያ አድማሴ ቀን ቀን መኪኖቹን ዘይት እንዳጠጣ ፈቅደውልኝ ነበር። ለእናታቸው ተዝካር ወደ ዘንገና ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ፤ «ዘይቱ ካለቀ ጠብቀኝ። መኪና ጾም ይችላል።» ዘይቱ አለቀ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል፤ ከላይ የሚመጣ ነገር የለም። ታዲያ እኔ ስማቸው እጄን አጣጥፌ ልጠብቅ? ገበያ ወጣሁ። የዳንግላ ኑግ! ጥቁር፣ ያብረቀርቃል። የኑግ ዘይት ገዛሁ፣ በሻሽ አጠለልሁት፣ አሥራ ሁለቱንም መኪኖች አጠጣሁ። ለዚያውም አንድ ጠብታ መች ይበቃኝና! በየቀዳዳው እስኪገነፍል።

በዚያን ዕለት መኪኖቹ እንደ ሐር ሆኑ። ሁላችሁም አመሰገናችሁኝ። እኔም «አያ አድማሴ ተመልሰው እኔን ይጠይቁ» ስል ዋልሁ። ጨርቅ የጫነው መኪና ጭቃ ይዞት ስለ ነበር ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታን። ጨርቁ ሲመጣ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድሳ የተማሪ ልብስ ሲጠበቅብን፣ መርገጫው አልረገጥ አለ። አንዱም! ኑግ አየር ሲያገኝ ይደርቃል። ውስጥ ለውስጥ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ፣ ሙጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ገባ። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለ።

አፌን ከፈትሁ። ጅብ የሚያስፈቅደው ስማቸው፣ ቃል አልወጣለትም። ሚስቴ አራስ ነበረች። ሥራዬን፣ ቤቴን፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ አየሁት። ያን ዕለት ጠዋት ከዘንገና የተመለሱት ሰው ጭቃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ከኋላዬ ተናገሩ፤ «እኔ ነኝ። ዘይቱ ሲያልቅ በኑግ ተኩ ብዬ ሄጄ ነበር።»

ወገኖቼ፣ አላሉም! እንዲህ ያለ ነገር አላሉም! እናንተም እስከ ዛሬ እሳቸው ይመስሏችኋል። እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን አሥራ ሁለቱን መኪኖች በላምባ አጠብን፤ በላባ፣ በፈትል፣ በሰንደዶ። የእሳቸው ጣቶች ላምባው በልቷቸው ተሰነጣጠቁ። በሦስተኛው ቀን «ለምን እንዲህ አደረጉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ፣ «መኪና እንድትነካ የፈቀድሁ እኔ ነኝ፤ ፈቃድ የሰጠ ጥፋቱንም ይወስዳል» አሉ። ላባቸውን ላምባ ነክረው ደግሞ፣ «አሁን ኑግ ብረት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ በአገው ምድር የለም። እንዲህ ያለ እውቀት በር ላይ አይቆምም» አሉኝ። በሳምንቱ ከበሩ አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

እኔ ነገሩ በተግሣጽ ያለቀ መስሎኝ ኖርሁ። ያለፈው ወር ነው፣ የጡረታቸው ጉዳይ ሲሠራ፣ ፋይላቸውን ወደ አቶ አየነው ቢሮ እንዳደርስ ተሰጠኝ። ማየት አልነበረብኝም። ግን ፊደል ካወቅሁ ወዲህ የጨው መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። አነበብሁ። «በቸልተኝነት የመሥሪያ ቤቱን አሥራ ሁለት መኪኖች ለብልሽት ስለዳረጉ፣ በዋና ጠጋኝነት ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲዛወሩ የተሰጣቸው ዕድገት ተሰርዟል።» ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ፊደሉ ያሳሳተኝ መሰለኝ። ማታ መምህሬን «‹ተሰርዟል› ማለት ያው የማውቀው ነው?» አልሁት። «ያው ነው» አለኝ። እንደዚያን ቀን ማንበብ የጠላሁበት ቀን የለም።

የዚያን ዓመት፣ ማርቆስ ይሄዳሉ ሲባል በቀሩ ጊዜ፣ «ምነው አያ?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። ምን አሉ? «ማርቆስ እንደ ዘንገና ያለ ውኃ የለም።» ሳቅን። እኔ ይህን ቀልድ በየጠጅ ቤቱ ስምንት ዓመት አወራሁት፤ «አያ አድማሴ ለኩሬ ብለው ሹመት የተዉ!» እያልሁ። ስምንት ዓመት ሰው ያሳቅሁበት ነገር የእኔው ጥፋት ኖሯል።

አያ፣ ይቀመጡ። ይህን እጅዎን አያወዛውዙብኝ። «ተወው» ሊሉ ነው። አልተወውም። የሚታየውን ሁሉም ሰው ያጠጣዋል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የማይታየው ቦታ ይህ ነው።

አቶ አየነው፣ እርስዎ እዚህ ቤት ከመጡ ሦስት ዓመትዎ ነው፤ ፋይሉ የነገረዎትን ነው ምስክር ወረቀቱ ላይ የጻፉት፤ አልወቅስዎትም። ይህ ሁለተኛው ወረቀት ደብዳቤ ነው። በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍሁት ለእርስዎ ነው። ያደረግሁትን ሁሉ፣ ቀኑን ሳይቀር ጽፌ በአውራ ጣቴ ሳይሆን በፊርማዬ ፈርሜበታለሁ። ከፋይላቸው ጋር ያያይዙልኝ። ምስክር ወረቀቱ ላይ «በቸልተኝነት» የምትለውን መስመር ይሰርዙልኝና በእኔ ፋይል ያስገቡልኝ። ስሜን ለመጻፍ ቢቸግርዎት ፊደሎቹን አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፤ አጥብቄ ነው የተማርኋቸው። ቅጣት ካለ ሰኞ በሰዓቱ እገኛለሁ። ቢባረር የሚቆጭ ሠራተኛ እንደ ሆንሁ ግን መላው ዳንግላ ይመሰክርልኛል፤ ይህችን ሳልላት አልቀመጥም።

እትዬ እታለማሁ፣ ማርቆስ የዋና ጠጋኝ ሚስት ይሆኑ ነበር። ጉልበትዎን እስማለሁ። እንግዲህ ያቺን የቤትዎን በር እኔ እመጣና አጠጣታለሁ፤ ዘበኛ ካስፈለገዎት ራሴ እቆማለሁ፤ ልማዱ አለኝ።

አያ አድማሴ፣ ዛሬ ጠዋት ያቺን አፈ ረጅም ቆርቆሮዎን ሊሰጡኝ ሲዘረጉልኝ «አሁን አልቀበልም» ብያለሁ። «ፊደል ቆጠርህና ኮራህ?» አሉኝ። አልኮራሁም፤ ማለት ኮርቻለሁ፣ ግን ለዚያ አይደለም። ይህን ሳልናገር ብቀበልዎት የሌላ ሰው ዕቃ እንደ መያዝ ነው የሚሆንብኝ። አሁን ተናግሬያለሁ። እጄ ይኸው። ቆርቆሮውን ለእኔ መስጠት አሁንም ይገባል ካሉ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይስጡኝ። ካልገባም ለካሳነሽ ይስጧት፤ ሰባት ቁጥርን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እሷ ትሰማታለች።

ያስተማሩኝ ይህ ነው፤ ዘይት መጨመር ብቻ ሳይሆን መጠበቅ። የሚዞረውን በእጅ ማዞር። አሮጌውን ጠርጎ አዲሱን ማጠጣት። በብጣሽ ጨርቅ ላይ ሞክሮ ከዚያ የሰው ልብስ መስፋት። ሰው ሲያጠፋም እንደዚያው። ቀና ብሎ ላልጮኸ ሰው፣ ለጥፋቴ ጣቱ ለተሰነጠቀ ሰው፣ ከበር አንሥቶ ላስቀመጠኝ ሰው፤ አመሰግናለሁ።

በሉ አሁን ብርሌዎቻችሁን አንሡ። ወይዘሮ ማናለብሽ፣ ይቅዱ፤ እስከ አፉ። የአንድ ጠብታ ደንብ ለብረት ነው፤ ዛሬ አይሠራም። አያ አድማሴ፣ በሰላም ወደ ዘንገና ይግቡ። ጉልበትዎ እንደ ሰባት ቁጥር በአንድ ጣት ይዙር። ጆሮዎ ወይራ ሳይደገፍ ይስማ። ደጅዎ ከእንግዳ፣ ማሳዎ ከዝናብ አይለይ፤ ኑግ ቢዘሩም ለወጥ ብቻ ይሁን።

እውነቱ ዘግይቷል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ። ግን አያ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ መንገድ ላይ ነበር። አሁን ደረሰ።

ለአያ አድማሴ!